ቀዩን ፍሬቻ ብርቱካንማ ላድርገው? በአንድ የቮልስ መብራት የተነሳ ክርክር

ባለቮልሱ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄውን ያቀረበው በትህትና ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል ነው። የኋላ መብራቶቹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ናቸው። ላይኛው ክፍል ፍሬቻ ነው፣ ታችኛው ስቶፕና ፓርኪንግ። ሁሉም ግን በአንድ ቀይ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚበሩት። ማታ ፍሬን ይዞ ሲታጠፍ ከኋላው ያለው ሾፌር የትኛው ፍሬቻ፣ የትኛው ስቶፕ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ጎረቤቱ ጋ ግን ሲሳይ አገኘ። የአውሮፓ ቮልስ የመብራት ሽፋን ነው። የታችኛው ቀይ ደቅቋል፤ የላይኛው ብርቱካንማ ጭረት እንኳን የለበትም። ሐሳቡ ከራሱ ሽፋን ላይ የላይኛውን ቀይ ቆርጦ አውጥቶ፣ በቦታው የጎረቤቱን ብርቱካንማ መለጠፍ ነው። ሴጌቶ አለው፣ ሞረድ አለው፣ ሱፐር ግሉ አለው። እቤት ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ፎቶ አያይዟል። ሽፋኑ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፣ ብሎኖቹ የቡና ሲኒ ውስጥ ናቸው፣ ሱፐር ግሉው ገና አልተከፈተም። ይህ የመጨረሻው ነገር በጀው፤ ለምን እንደሆነ 7ኛው መልስ ላይ እንደርሳለን።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። መኪናዋን አደነቀ፣ እጁን ባረከ፣ ይቻላል ብሎ ሄደ። እንዴት እንደሚቻል ትንፍሽ አላለም።

2ኛው ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ከላይ ብርቱካንማ፣ ከታች ቀይ የሆነው የአውሮፓው ሽፋን አዲሱ ዛሬም እየተሠራ ይሸጣል አለ። ለመግጠም ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ታዲያ መቁረጥና መቀጠል ምን አመጣው? 3ኛው በሐሳቡ ተስማማና ችግሩ ዋጋው ሳይሆን ማምጣቱ መሆኑን አስታወሰ። ዶላሩ፣ የመላኪያው፣ ጉምሩኩ ሲደመር ሽፋኑ ራሱ ከሁሉም ርካሹ ነገር ይሆናል። መፍትሔው ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከቸኮሌቱና ከጫማው መሃል አንድ ጥንድ ሽፋን ቦታ አያጣም። ጠያቂው በ4ኛው ላይ ተመልሶ ለጊዜው የሚመጣ ዘመድ እንደሌለው ገለጸ። ደግሞም በገዛ እጁ መሥራት ያምረዋል። ይህን ካለ በኋላ ግዛ የሚለው ክርክር አበቃ። ልክ ነው፤ ቮልስ የሚይዝ ሰው ነገሩን በቀላሉ መጨረስ ቢፈልግ ኖሮ መጀመሪያም ቮልስ አይዝም ነበር።

5ኛው መልስ ወደ ታሪክ ወሰደን። ፎቶውን አጉልቶ አይቶታል። በሽፋኑ ጠርዝ ላይ ኤስኤኢ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል፤ የአሜሪካ ደረጃ ምልክት ነው። የጀርመኑ ቢሆን የሞገድ መስመርና ኬ የምትል ፊደል ከቁጥር ጋር ይኖሩበት ነበር። ከዚህ ተነስቶ መኪናዋ በጃንሆይ ዘመን አስመራ በነበረው የአሜሪካ የቃኘው ሰፈር ይሠራ የነበረ ሰው ትቷት የሄደ ናት ብሎ ደመደመ። 6ኛው ወዲያው አረመው። ፊደሉ የሚመሰክረው ስለ ሽፋኑ እንጂ ስለ መኪናዋ አይደለም። በ60 ዓመት ውስጥ ማን የቱን ሽፋን እንደገጠመባት ማን ያውቃል? እርግጡን ማወቅ ከተፈለገ የፍጥነት መለኪያዋ በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በማይል? ጠያቂው በ8ኛው ላይ የዳሽቦርዱን ፎቶ ላከ። በማይል ነው። 5ኛው ደስታውን በሳቅ ምልክቶች ገለጸ። አስመራን ግን ማይሉም አያረጋግጥም፤ አሜሪካዊ አዲስ አበባም ሞልቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለማያውቁ ትንሽ ልጨምር። የቀዩና የብርቱካንማው ልዩነት የአሜሪካና የአውሮፓ ሕግ ልዩነት ነው። አሜሪካ የኋላ ፍሬቻ ቀይም ብርቱካንማም እንዲሆን ትፈቅዳለች። በአውሮፓ ደንብ ግን ብርቱካንማ መሆን አለበት። ቮልስዋገን አንዱን መኪና ለሁለቱም ገበያ ሲሠራ የሚቀይረው ሽፋኑን ነበር።

7ኛው መልስ አጭር ነው፤ ሱፐር ግሉውን እንዳትከፍተው ይላል። ምክንያቱንም አስቀምጧል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ትነቱ በዙሪያው ባለው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። የሚያብረቀርቀው ሽፋን መገጣጠሚያው ዙሪያ ይደበዝዛል። በዚያ ላይ ድርቅ ብሎ የሚቀር ማጣበቂያ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ በሚንቀጠቀጥ መኪና ብዙ አይቆይም።

ከዚያ 9ኛው መጣ። ከክሩ፣ ማለትም ከተቀጣጠሉት መልሶች ሁሉ፣ አንድ ብቻ አንብቡ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ጸሐፊው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ነው፤ መኪና እንኳን እንደሌለው መጀመሪያ ላይ ተናግሯል። ግን አክሪሊክ ሲቆርጥና ሲያጣብቅ ይውላል፤ የኋላ መብራት ሽፋን ደግሞ ያው አክሪሊክ ነው። ሥራውን በቅደም ተከተል አስረዳ። ሴጌቶው ጥርሱ ደቃቅ ይሁን፣ እጅ አይቸኩል። አክሪሊክ ሲፋተግ ይግላል፣ ሲግል ይቀልጣል፣ የቀለጠው ከምላጩ ኋላ ተመልሶ ይጣበቃል፤ የቸኮለ ሰው ቆርጬ ጨረስኩ ሲል ገና አልተቆረጠም። መስመሩ ላይ አትቁረጥ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ተውና በሞረድ እየበላህ ድረስበት። ሁለቱ ጠርዞች ሲገጥሙ ብርሃን በመሃላቸው ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ ነው ትዕግስት የሚያልቀው ይላል፤ ብዙ ሰው ክፍተቱን በማጣበቂያ እሞላዋለሁ ብሎ ያልፈዋል።

ማጣበቂያው ሙጫ አይደለም። ለአክሪሊክ የሚሸጠው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል። ሁለቱ ጠርዞች ተሟሙተው ይዋሃዳሉ፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲሄድ የሚቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። መቀባት የለም። ጠርዞቹን ገጣጥመህ ከኋላ በፕላስተር ትይዛለህ፤ በመርፌ አንድ ጠብታ መጋጠሚያው ላይ ታስነካለህ፤ ፈሳሹ ስንጥቁን ተከትሎ ራሱ ይሮጣል። ትንሽ ቀዳዳ ከቀረች ከሽፋኑ የተሞረደውን ዱቄት በዚያው ፈሳሽ አሟሙተህ እንደ ሽሮ ወፈር አድርገህ ትሞላዋለህ። ቀዩን በቀይ፣ ብርቱካንማውን በብርቱካንማ። አንድ ቀን ከተወው በኋላ በውሃ እያራሰ በብርጭቆ ወረቀት ያሸው፤ ከሻካራው ቁጥር 800 ጀምሮ ወደ ልስልሱ 2000። ማሸት የሚፈቀደው ከውጭ በኩል ብቻ ነው። ከውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሽንትሮች ብርሃኑን የሚበትኑ ስለሆኑ አይነኩም። በመጨረሻም ቤንዚን፣ አልኮል፣ አሴቶን አታስጠጋበት አለ። ገና በተቆረጠና በተሟሟ አክሪሊክ ላይ አልኮል ሲያርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል።

10ኛዋ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። 9ኛውን አመስግና አንድ ነገር ጨመረች። ያ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሮፎርም ወይም ሜቲሊን ክሎራይድ ነው። ክሎሮፎርም ጉበት ይጎዳል። ሜቲሊን ክሎራይድን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሰው ስለገደለ ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጥ የቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎታል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ልጆች በሌሉበት። በር ዘግቶ ሳሎን ውስጥ መሥራት የለም። ጠያቂው የጻፈው እቤት ብሎ ነበር፤ ቃሉን ወደ ግቢ አሻሻለ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነው። ክሩን የበጠበጠው 11ኛው ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ ቀዩን ሽፋን አትንኩት፣ ከውስጥ ብርቱካንማ አምፖል ክተቱበት አለ። 12ኛው ይህን ሲያነብ ጨሰ። ሰውዬውን ስምንተኛ ክፍል ተመልሶ እንዲማር መከረው። 11ኛው በ13ኛው ላይ የአጎቱን ልጅ መኪና ምስክር አድርጎ መጣ፤ እንዲያ ተሠርቶ ብርቱካንማ ሲበራ በዓይኑ አይቷል። 12ኛው ዓይኑን እንዲመረመር ነገረው።

14ኛው በመሃል ገብቶ ነገሩን አረጋጋ። ቀይ ፕላስቲክ ብርሃንን ቀይ አይቀባም፤ ከቀይ በቀር ሌላውን ይከለክላል። የፍሬቻ ብርቱካንማ የሞገድ ርዝመቱ 590 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቀዩ ከ610 በላይ። ብርቱካንማ አምፖል ቀይ ሽፋን ውስጥ ሲበራ አብዛኛው ብርሃን እዚያው ይታገታል፤ ሾልኮ የሚወጣው የደከመ ቀይ ነው። በቀዩ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ወይም ላስቲክ መለጠፍም ያው ነው። የአጎት ልጅ መኪና ብርቱካንማ ከበራ ሽፋኑን ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው፤ ያረጀ ቀይ ይነጣል። ብርቱካንማ አምፖል የሚሠራው ሽፋኑ ነጭ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣችው ቶዮታ አልቴዛ ነጩን የኋላ መብራት ፋሽን ካደረገችው ወዲህ ብዙ መኪና እንዲያ ነው የሚሠራው። ግን የዚያ ዓይነቱ አምፖል 12 ቮልት ነው፤ ቮልስ ለአሜሪካ ወደ 12 ቮልት የዞረችው በ1967 ሞዴል ነው። የጠያቂው የ1965 ናት፤ 6 ቮልት። ስለዚህ ቀለሙ የግድ ከሽፋኑ መምጣት አለበት። 11ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። 12ኛው ግን አሸነፍኩ ብሎ ጻፈ፤ እሱ ያስረዳው ነገር እንደሌለ ማንም አላነሳበትም።

15ኛው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ በመድረኩ ሁሉም አንቱ ይሏቸዋል። ስለ ቀለሙ ብዙም አልተጨነቁም። በ6 ቮልት መኪና ላይ ከቀለም በፊት ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ይታይ አሉ። መብራቱ ማሳውን የሚያገኘው ከቦዲው ነው፤ ቦዲው ደግሞ ዝጓል፣ ወይም ሠዓሊ ነኝ ያለ ሁሉ ደርቦ ደርቦ ቀብቶታል። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ የአምፖሉን እግር አጽዳው፣ ከሽፋኑ ኋላ ያለውን የጠቆረ ቆርቆሮ ብርማ ቀለም ቀባው። ይህን ሳታደርግ ምን የመሰለ ብርቱካንማ ብትገጥም የክብሪት ያህል ነው የሚያበራው። ከዚያ ወደ ትዝታ ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት የአውሮፓ ቮልሶች ፍሬቻቸው ከበሩ ጎን ካለው ምሰሶ የሚወጣ ክንፍ ነበር። ሾፌሩ ሲያዞረው ብርቱካንማ ክንፍ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴም ወጥቶ ይቀራል፤ ያኔ ሾፌሩ በመዳፉ ጎኑን ይመታዋል።

16ኛው ርዕሱ ቀለም ነው፣ አንተ የምታወራው ስለ ዝገት ነው ብሎ ጻፈ። አንተ ማለቱ ነው ያስቆጣው። 17ኛው፣ 18ኛውና ስማቸውን ያልቆጠርኳቸው ሌሎችም ወረዱበት። አባትህ የሚሆን ሰው ነው ያሉት አሉ። ልጁ ሳያውቅ እንደሆነ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው በደግ ተቀበሉት፣ ተመርቆም ሄደ። ለእኔ ግን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ስለ ማሳው የሰጡት ምክር ተዘነጋ። ከ9ኛው ቀጥሎ ሊሠራበት የሚገባው እሱ ነበር።

ከዚያ የውጭ አገር ሰዎች ተራ ሆነ። 19ኛው ከፍራንክፈርት ነው። እዚያ ሽፋኑ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈው ኢ፣ የአውሮፓው የደረጃ ምልክት፣ ወይም የድሮው የጀርመን ምልክት ከሌለ የቴክኒክ ምርመራው አያሳልፍም። ቆርጠህ የቀጠልከው ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ቢኖርም ፈቃዱ ወድቋል። 20ኛዋ ከቨርጂኒያ ናት። እዚያም ዓመታዊ ምርመራ አለ፤ የኋላ መብራት ሽፋን ሌላ ቀለም ብርሃን እስካላስወጣ ድረስ ቢሰነጠቅ ያልፋል፤ ስንጥቁን በፕላስተር ወይም በማጣበቂያ ከጠገኑት ግን አይፈቀድም። ሰነጣጥቀህ ብትተወው ታልፋለህ፣ ጎበዝ ሆነህ ብትጠግነው ትወድቃለህ ብላ ስቃለች። ሕጉ ግን ምክንያት ያለው ይመስለኛል፤ ቤት ውስጥ የተለጠፈ መቼ እንደሚለቅ ተቆጣጣሪው አያውቅም።

21ኛው ስለታም ነው። ጠያቂው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ስለ ቨርጂኒያ ማን ጠየቃችሁ አለ። ውጭ ያሉት ሁሉ ምክር ከሚልኩ ሽፋኑን ቢልኩ ይሻላል ብሎም ጨመረ። 22ኛው ነገሩን ወደ ቁጥር መለሰው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ብርቱካንማ የኋላ ፍሬቻ ያላቸው መኪኖች ሲታጠፉ፣ መስመር ሲቀይሩ ወይም ከመንገድ ዳር ሲወጡና ሲገቡ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው ቀይ ካላቸው በ5.3 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የጠያቂው ስጋት ቅንጦት አይደለም። 23ኛው መለሰለት። ያ ጥናት ፍሬቻ በሚያበሩ ሰዎች አገር የተሠራ ነው። እዚህ ሚኒባሱ የሚታጠፈው ረዳቱ በመስኮት እጁን ሲያወዛውዝ ነው፤ የረዳቱን እጅ ብርቱካንማ ቀቡት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ዞረ። ብርቱካንማ ከገጠምክ በማግስቱ ይሰረቃል የሚል መጣ። ሽፋኑ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ቅረጽበት፣ ስፖኪዮው ላይ እንደሚደረገው፣ የሚል ሌላ መጣ። የተሰረቀበትን ስፖኪዮ ሶማሌ ተራ ሄዶ ራሱ መልሶ የገዛውም ታሪኩን ተረከ፤ ይህ ታሪክ ከየትኛውም የመኪና ወሬ አይቀርም። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ቮልስ ይወደዳል ወይስ አይወደድም የሚል ጠብ ሊነሳ ሲል ጠያቂው ራሱ ተመልሶ አስቆመው። ከደቀቀው ሽፋን ሁለት ቀይ ስባሪዎች ወስዶ ግቢ ውስጥ ሞክሯል። የማስታወቂያ ሠሪውን ፈሳሽ በመርፌ አስነክቶ አንድ ቀን ተወው፤ ከዚያ በፒንሳ ይዞ ሲሰብረው መጋጠሚያው ሳይሆን አጠገቡ ተሰበረ። ፎቶው ላይ መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ነገ ዋናውን ይቆርጣል። ምርቃቱ እንደገና ዘነበ።

ያኔ ነው 31ኛው የመጣው። ጥያቄው አንድ መስመር ነው። ጎረቤትህ የሰጠህ ሽፋን ስንት ነው? አንድ ነው። መኪናዋ ስንት የኋላ መብራት አላት? ሁለት።

በሠላሳው መልስ ማንም አላየውም ነበር። ጠያቂውም አላየውም። በግራ ብርቱካንማ፣ በቀኝ ቀይ ፍሬቻ ያላት መኪና ደግሞ ከሁለት ቀይ የባሰ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁለት የተለያየ ቋንቋ እንዲያነብ ይገደዳል። 32ኛው ከማስታወቂያ ሠሪ ብርቱካንማ አክሪሊክ ገዝቶ በሙቀት ማጠፍ ይቻላል አለ። 9ኛው ራሱ ተመልሶ ይህን አልደገፈም። ጠፍጣፋው አክሪሊክ ከውስጥ ሽንትር የለውም፤ ብርሃኑ አይበተንም፤ መሃሉ ላይ አምፖሉ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያው ይጨልማል። ከቀኑ ፀሐይ ጋር ደግሞ ጭራሽ አይታይም። 12ኛው ደግሞ ሁለቱንም ቀይ አድርገህ ዝም በል ብሎ ጻፈ፤ በዚህ ክር ውስጥ የሰጠው የመጀመሪያ ጠቃሚ ምክር ሳይሆን አይቀርም፣ ማንም ግን አልሰማውም።

33ኛው ቢሾፍቱ የሚኖር ሰው ነው። የተሰበረ የአውሮፓ ሽፋን አለው፤ ብርቱካንማው ደህና ነው፣ ፎቶም ልኳል። በጠርዙ ላይ ያለ ጭረት ይታያል ግን ሞረድ ይጨርሰዋል። ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ የቮልስ የጎማ ክዳን ነው፤ የእሱ የኋላ ቀኝ ክዳን ሞጆ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ጠያቂው ትርፍ ሁለት ክዳን እንዳለው ተናገረ፤ አንዱ ጎርጉዷል፣ አንዱ ደህና ነው። የቢሾፍቱው ሰው ደህናውን ጠየቀ። ጠያቂው ጎርጓዳውን አቀረበ፣ ባትላሜራ በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ያስተካክለዋል አለ። የቢሾፍቱው ሰው እንግዲያው አንተው አስተካክለህ ላክልኝ ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ድርድሩን በስልክ ሊጨርሱ ቁጥር ለመለዋወጥ ሲሉ አስተዳዳሪው ቁጥር በአደባባይ አይጻፍም ብሎ ክሩን ዘጋው።